አርባ ሰው ስንት ነው?

ትንሽ ጉባኤ መምራት ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ሥራ ይመስላል። ምእመናኑ ጥቂት ናቸው፤ ስማቸውም ቤታቸውም ይታወቃል፤ ሒሳቡ በአንድ ደብተር ያልቃል። ወደ ውስጥ ለገባ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በትልቅ ጉባኤ አንድ ቤተሰብ ቢቀየም በብዙኃኑ መካከል ይሸፈናል። በትንሹ ግን የዚያ ቤተሰብ መቅረት ባዶ ወንበር ሆኖ በመሪው ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ የትንሽ ጉባኤ መሪ እንቅልፍ የሚነሱት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «ይህን ጉባኤ እንዴት ላሳድገው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በአፍ አይነገርም፤ «እኔስ እዚህ መቆየት ይገባኛልን?» የሚለው ነው።

ሁለቱም ጥያቄዎች በባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የተለየ ክብደት አላቸው። ምክንያቱ ከአመሠራረታቸው ይጀምራል። በጆን ስሚዝ የሚመሩ ከእንግሊዝ የተሰደዱ ጥቂት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1609 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያውን ጉባኤ መሠረቱ፤ ከመካከላቸው ቶማስ ሄልዊስ በ1612 ገደማ ወደ ለንደን ተመልሶ በሀገሩ ምድር ተከለው። እነዚህ ሰዎች ካወረሷቸው ነገሮች ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መሠረት ናቸው። ጥምቀት የሚገባው እምነቱን በራሱ አንደበት ለሚመሰክር ሰው ነው፤ እያንዳንዱም አጥቢያ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፣ አገልጋዩንም ራሱ ይመርጣል።

ከመጀመሪያው መርሕ የሚከተለው፣ ጉባኤው በልደት የማይበዛ መሆኑ ነው። የምእመን ልጅ ራሱ አስቦና ወስኖ እስኪጠይቅ ድረስ ምእመን አይባልም። ከሁለተኛው የሚከተለው ደግሞ መሪው በሚመራቸው ሰዎች ፈቃድ የቆመ መሆኑ ነው፤ መምረጥ የቻሉ እጆች ማሰናበትም ይችላሉ። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ሰው በነጻ ፈቃዱ ብቻ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር፣ መሪው «እኔ አሳደግሁት» ሊል እንዴት ይችላል? ገበሬ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፤ ማብቀል ግን በእጁ አይደለም። ይህን የማያውቅ ገበሬ በችኮላ ቡቃያውን እየሳበ ያረዝመው ይመስለዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ለማሰብ የ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ሁለት ሰዎችን ታቀርባለች። የመጀመሪያው አንድሪው ፉለር ነው። ፉለር በ16 ዓመቱ፣ በ1770፣ በካምብሪጅሻየር በምትገኘው በሶሃም ከተማ ባለች ትንሽ የባፕቲስት ጉባኤ ተጠመቀ። ብዙም ሳይቆይ ከጉባኤው አባላት አንዱ መጠጥ አብዝቶ ተገኘ። ወጣቱ ፉለር ሰውየውን በግል ሄዶ ገሠጸው፤ ሰውየውም ራሱን መግዛት በራሱ አቅም እንደማይሆንለት መለሰ። ከዚህች አንዲት መልስ ታላቅ ክርክር ተነሣ፦ ሰው ከክፉ ራሱን ለመጠበቅ ኃይል አለውን? ክርክሩ ጉባኤውን ከፋፈለው፤ እረኛው ጆን ኢቭም በ1771 ትቶ ሄደ። በትልቅ ጉባኤ የአንድ ሰው ነውር ሆኖ ሊቀር ይችል የነበረው ጉዳይ በትንሹ ጉባኤ የሁሉም እዳ ሆነ።

መሪ አልባ በሆነችው በዚያች ጉባኤ ፉለር መስበክ ጀመረ፤ በ1775ም በ21 ዓመቱ እረኛዋ ሆኖ ተሾመ። ጉባኤዋ ልትከፍለው የቻለችው በዓመት ወደ 13 ፓውንድ ገደማ ነበር። ኑሮውን ለመደጎም ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ አልሆነለትም። ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ያም አልሰመረም። በዚህ ላይ የወንጌልን ጥሪ ለሁሉም ሰው ማሰማት ይገባል የሚለው አሳቡ ከምእመናኑ አንዳንዶቹን አላስደሰተም። በዚህ መካከል በኖርዛምፕተንሻየር የምትገኘው የኬተሪንግ ጉባኤ እረኛ እንዲሆንላት ጠራችው። ድህነት፣ አለመግባባትና የተሻለ ጥሪ በአንድነት ከቀረቡለት ሰው የሚጠበቀው ጓዙን መሸከፍ ነው። ፉለር ግን ጉዳዩን ለሌሎች አገልጋዮች ምክር እያቀረበ፣ እያወጣና እያወረደ ለረጅም ጊዜ ተጨነቀ። በመጨረሻ በጥቅምት 1782 ወደ ኬተሪንግ ሄደ። ወዳጁና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ጆን ራይላንድ ይህን ጭንቀት ሲያስታውስ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌላቸው ሰዎች የአንድ ሀገር ሕዝብን ዕጣ ለአደጋ ሲያጋልጡ እንኳ ፉለር አርባ የማይሞሉ ምእመናንን ለመተው የተጨነቀውን ያህል አይጨነቁም የሚል አሳብ ጽፏል።

ሁለተኛው ሰው ጆን ፎሴት ነው። ፎሴት በዮርክሻየር ኮረብታ ላይ የምትገኘው የዌይንስጌት ጉባኤ አገልጋይ ነበር። ሰዎቹ ድሆች፣ ደመወዙም ጥቂት ነበር። በ1771 በለንደን የካርተር ሌን ጉባኤ እረኛ የነበረው ስመ ጥሩው ሊቅ ጆን ጊል ሲሞት፣ በ1772 ጉባኤው ፎሴትን በእርሱ ቦታ ጠራው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው። የፎሴት ዕቃ በጋሪ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚሸኙት ምእመናን ከብበው ሲያለቅሱ እርሱና ሚስቱ መጨከን አቃታቸው፤ ዕቃውም ከጋሪው ወረደ ይባላል። የጋሪው ታሪክ በአፈ ታሪክ ቢያጌጥም መቅረቱ ግን እውነት ነው። ፎሴት በ1817 እስኪሞት ድረስ በዚያው አካባቢ አገለገለ።

አንዱ ሄደ፤ ሌላው ቀረ። ታዲያ ልክ የነበረው ማንኛው ነው?

ለዚህ ጥያቄ በውጤት መልስ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው ይቸገራል። ፉለር ወደ ኬተሪንግ በሄደ በአሥረኛው ዓመት፣ በጥቅምት 1792፣ ጥቂት አገልጋዮች በዚያችው ከተማ በአንዲት መበለት ቤት ተሰብስበው የባፕቲስት ሚስዮን ማኅበርን መሠረቱ። ለመነሻ ቃል የገቡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር፤ የሶሃም ጉባኤ ለአንድ ዓመት ለእረኛዋ ትከፍለው ከነበረው እምብዛም የማይበልጥ ማለት ነው። ፉለር እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1815 ድረስ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፤ ጫማ ሰፊ የነበረው ዊልያም ኬሪም በዚሁ ማኅበር ተልኮ ሕንድ ገባ። በሌላ በኩል ዌይንስጌትን ያልተወው ፎሴት በዚያው አካባቢ ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ማተሚያ ቤት ያደገው ዊልያም ዋርድ ሲሆን፣ በ1799 ወደ ሕንድ ሄዶ በሴራምፖር ከኬሪ ጋር ተገናኘ። በ1801 ኬሪ የተረጎመው የቤንጋሊ አዲስ ኪዳን በዚያው ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። የሄደው ሰው መንገድና የቀረው ሰው መንገድ በአንድ ማተሚያ መኪና ላይ ተገናኙ።

ይህ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው፤ ለሥነ ምግባር ጥያቄው ግን መልስ አይሆንም። ፉለር በ1782 የ1792ን ስብሰባ አላየም። ፎሴትም ዕቃውን ሲያወርድ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ስለነበረው ዋርድ ምንም አያውቅም። ሰው የሚጠየቀው በወሰነበት ሰዓት በእጁ በነበረው እውቀትና በልቡ በነበረው ሚዛን ነው። ከሁለቱ አካሄድ የሚነበበው የጋራ ነገር፣ ትንሹን ጉባኤ ወደ ትልቁ መወጣጫ ደረጃ አድርገው አለመቁጠራቸው ነው። መሄድ በራሱ ክህደት አይደለም፤ መቅረትም በራሱ ታማኝነት አይደለም። ፈርቶ የሚቀር አለ፤ አዝኖም የሚሄድ አለ። እርግጥ ጭንቀት ብቻውን ማንንም አያጸድቅም፤ ተጨንቆ የሚከዳ ሰው ሞልቷል። የፉለርን ጭንቀት የሚያስከብረው ጉዳዩን ብቻውን አለመፍረዱ፣ የሚተዋቸው ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ከራሱ ኑሮ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የማሳደግን ነገር መመርመር ይቻላል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ጎን ለጎን ቆመዋል።

አንደኛው ቁጥርን ማምለክ ነው። ቁጥር የሚያመልክ መሪ አዲስ ሰው ሲገባ ፊቱ ይበራል፤ የቀረውን ለመፈለግ ግን ጊዜ የለውም። አንዱን በግ ፍለጋ ዘጠና ዘጠኙን የተወው የምሳሌው እረኛ ለእንዲህ ያለ ሰው ሒሳብ የማያውቅ ሞኝ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ሰው በራሱ እንዲወስን በሚጠይቅ እምነት ውስጥ የችኮላ ውሳኔ ማብዛት የእምነቱን መሠረት መናድ መሆኑ ነው። ግን መቁጠር ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሲያሻው ይቆጥራል። ፎሴት ያልሄደበት የለንደን ጉባኤ በጆን ሪፖን እጅ 63 ዓመት ቆየ፤ ከዚያም እየደከመ ሄደ። ቻርልስ ስፐርጀን በ1854 ገና በ19 ዓመቱ ሲረከበው ሰፊው አዳራሽ በአብዛኛው ባዶ ነበር። በ1892 ስፐርጀን ሲሞት የአባላቱ ቁጥር ከ5,000 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ሁሉ ብዛት መካከል እንኳ አባል ለመሆን የሚጠይቅ ሰው ብቻውን እየተጠራ ስለ እምነቱ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ብዛት ሰውን አንድ በአንድ ከማወቅ ጋር የግድ አይጣላም።

ሁለተኛው ስሕተት ትንሽነትን ማምለክ ነው፤ ትሕትና ስለሚመስል ለመለየት ያስቸግራል። «ጥቂቶች ብንሆንም ንጹሓን ነን» የሚል መጽናኛ አለ። ከዚህ መጽናኛ በስተጀርባ አንዳንድ ጊዜ ቁልፉን ሁሉ በኪሱ ይዞ መዞር የለመደ መሪ ይገኛል። ስብከቱ የእርሱ፣ ገንዘቡ በእርሱ፣ የታመመውን መጠየቅ የእርሱ፣ ሠርጉም ልቅሶውም በእርሱ ነው። ሲያዩት የሚያሳዝን ባሪያ ይመስላል፤ ግን ማንም ያለ እርሱ ምንም እንዳያደርግ አስለምዷል። እንዲህ ያለው ጉባኤ የማያድገው ሰው ስላልመጣ ላይሆን ይችላል፤ የመጣው ሰው የሚሠራው ነገር አጥቶ ስለሚመለስ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። የትንሽ ጉባኤ መሪ ይህን ተረት እንደ መለኪያ ሊይዘው ይችላል። መሪው ቢታመም ስብሰባውን የሚከፍት ሰው አለን? የገንዘቡን ደብተር ከእርሱ ሌላ የሚያየው ማን ነው? ያልመጣችውን እናት ሳይታዘዝ ሄዶ የሚጠይቅ አለን? ከሁሉም በላይ በምክር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ መሪውን «ይህ ልክ አይደለም» ሊለው የሚደፍር፣ ከዚያም በኋላ በሰላም የሚቀመጥ ሰው አለን? ራሱን በራሱ በሚያስተዳድር ጉባኤ የእድገት ምልክቱ እዚህ ይታያል። ከአርባ ሰዎች መካከል ሸክም የሚሸከሙት አምስት የነበሩት ሃያ ቢሆኑ፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ስም ሳይጨመር ጉባኤው አድጓል።

ቋንቋም እዚህ ላይ ይረዳል። አማርኛ ለእንዲህ ያለ መሪ «እረኛ» እና «መጋቢ» የሚሉ ሁለት ስሞች አሉት። እረኛ የሚለው ቃል ፍቅርንና ጥበቃን ያሳያል፤ ጉድለቱ በግ ምንም ቢያድግ እረኛ አለመሆኑ ነው። መጋቢ ግን የሚያበላም የሚያስተዳድርም ነው፤ በእጁ ያለው የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነ ሒሳብ ይጠየቃል። የሚመራቸው ሰዎች ራሳቸው ለመረጡት አገልጋይ ሁለተኛው ስም ሳይቀርበው አይቀርም።

ይህ ጉዳይ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ሩቅ አይደለም። የደቡብ ባፕቲስት ሚስዮናውያን ኬንያ የገቡት በ1956 ሲሆን፣ ከእነርሱ በኋላ የተተከሉት አጥቢያዎች ብዙዎቹ በትንሽ ቤት የጀመሩ ናቸው። በናይሮቢ አዳራሽ በሰዓት ተከራይተው በአማርኛ የሚያመልኩ የልዩ ልዩ ቤተ እምነት ጉባኤያት ደግሞ የራሳቸው ፈተና አላቸው። ከምእመናኑ ብዙዎቹ መንገደኞች ናቸው። ለሁለት ዓመት የሰለጠነው መዘምር፣ ሕፃናትን ማስተማር የለመደችው እኅት፣ ወረቀታቸው ሲያልቅ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ካናዳ ይሄዳሉ። መሪው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቶ ሲመለስ ያንኑ ሥራ ለሌላ ሰው ከፊደሉ ይጀምራል። በዓመቱ መጨረሻ ሲቆጠሩ እንደ ዐምናው አርባ ናቸው። ይህ መሪ ደክሞ ምንም አላፈራም ሊባል ነውን? ፎሴት ያስተማረው ዋርድ የተቀበረው ሴራምፖር ነው፤ በዮርክሻየር መዝገብ ላይ ጭማሪ ሆኖ አልታየም። ወደ ሌላ ሀገር የሄደች እኅት በሄደችበት ሕፃናትን ሰብስባ የምታስተምር ከሆነ፣ እርሻው በአንድ አጥር ውስጥ አልቀረም ማለት ነው።

ራይላንድ ስለ ወዳጁ የጻፈው ነገር ለፈገግታ ይጋብዛል፤ የአንድ ሀገር ዕጣና አርባ የማይሞሉ ሰዎች እንዴት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ? ነገር ግን ፉለር በኋላ ብዙ ሊታመን የቻለው እነዚያን ጥቂቶች መተው የከበደው ሰው ስለነበረ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። አርባ ሰው መተው ያልከበደው መሪ አራት መቶ ቢሰጡት፣ የሚጨመርለት የወንበር ቁጥር ብቻ ነው።