ቤት ስለ መቀመጥና ስለ መውጣት፤ በወረርሽኝ ዘመን ባለዕዳው ማን ነው?

ሰው በጤናው ዘመን የሥራን ክብር የሚለካው በደመወዙ ብዛትና በወንበሩ ከፍታ ነው። ጸሓፊው ከተሸካሚው፣ ነጋዴውም ከመንገድ ጠራጊው ይበልጣል ይባላል፤ ይህም የቈየ ልማድ ስለ ሆነ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ግን ማን ለማን አስፈላጊ እንደ ሆነ ይገለጣል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የተባለው ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የሆነውም እንዲሁ ነው። ዛሬ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ አንሥተን ልንመረምር ወደድን። ጥያቄውም፦ በዚያ ወራት በቤቱ ተቀምጦ ከበሽታው የተጠበቀ ሰው ስለ መቀመጡ ምስጋና ይገባዋልን? ወይስ ዕዳ አለበት? የሚል ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንደ ሆነው እናስታውስ። በሽታው በኢትዮጵያ መገኘቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከ3 ቀን በኋላ ተማሪ ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር ብዙዎች የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዙ፤ መጋቢት 30 ቀንም ለ5 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ እንኳ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው አከበሩት። ነገር ግን እንደ ብዙ አገሮች ከተማው ፈጽሞ አልተዘጋም። የዕለት ጉርሱን በዕለት ድካሙ የሚያገኘው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፣ ደጁ ቢዘጋበት ከበሽታው አስቀድሞ ረኃብ ይደርስበት ነበርና።

በዚህ ጊዜ የከተማው ሰው በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን ደመወዙ በወር መጨረሻ የማይቀርበት ነው፤ እርሱም ወረቀቱን ወደ ቤቱ ወስዶ በስልክና በኮምፒዩተር እየተነጋገረ ሥራውን ሠራ፤ ሥራ ባጣበት ሳምንት እንኳ ደመወዙን ተቀበለ። የሁለተኛው ወገን ሥራ ግን ከእጁና ከጀርባው የሚለይ አይደለም። ሊስትሮው ያለ አላፊ አግዳሚ እግር ሥራ የለውም፤ ተሸካሚውም ሸክሙን በስልክ ሊሸከም አይችልም፤ ልብስ አጣቢዋ ወደ ሰው ቤት ካልገባች፣ ቸርቻሪዋም ጉልት ካልተቀመጠች ማታ ለልጆቻቸው የሚያቀርቡት የለም። በታክሲ የሚሳፈረው ሰው በግማሽ እንዲቀነስ ሲታዘዝ ዋጋው ዕጥፍ ሆነ፤ ይህም የከበደው በገዛ መኪናው በሚሄደው ሳይሆን ለቀን ሥራ ማልዶ በሚወጣው ላይ ነበረ።

ያን ጊዜ በብዙ ሰው አፍ የሚነገር አንድ ፍርድ ነበረ፤ «እኛ ለራሳችንም ለወገናችንም አስበን ቤታችን ተቀምጠናል፤ እነዚህ ግን ምክር ንቀው በየመንገዱ ይርመሰመሳሉ» የሚል ነው። ፍርዱ እውነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ጎዶሎ ነው። ቤቱ የተቀመጠው ሰው የበላው እንጀራ ከወዴት መጣ? ጤፉን ገበሬው አመረተው፣ ሹፌሩ አመጣው፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛው ፈጨው፣ ጋጋሪዋ ጋገረችው። ከውጭ አገር ከሚመጣው ዕቃ ከ100 እጅ 90 የሚያህለው የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው፤ ይህንንም የሚያመላልሱት የከባድ መኪና ሹፌሮች በዚያ ወራት እንኳ መንገዳቸውን አላቋረጡም። ከእነርሱም በሽታው የተገኘባቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ያመጡትን ዕቃ የሚጠቀምበት ሰው ግን በሽታ አምጪዎች ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበር። ቆሻሻውን ከየደጁ የሚያነሡት፣ የሆስፒታሉን ወለል የሚያጥቡት፣ ሌሊት በር የሚጠብቁት ዘበኞች ሁሉ እኛም እንቀመጥ ቢሉ ኖሮ፣ ሌላው ተቀምጦ አንድ ሳምንት ሊቈይ ባልቻለም ነበር። እንግዲህ አንዱ ሊቀመጥ የቻለው ሌላው ስለ ወጣ ነው።

በዚህ ላይ አስተዋይ ሰው እንዲህ ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ «ቤት መቀመጥ የታዘዘ ነገር ነው፤ የተቀመጠውም ሰው በሽታውን ባለማስተላለፉ የወጣውን ሰው ጠቅሞታል፤ ታዲያ ዕዳው ምንድር ነው?» ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ሁሉም በየመንገዱ ፈስሶ ቢሆን ሹፌሩና አስታማሚዋ የበለጠ በተጎዱ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ግዴታቸውን ፈጸሙ እንበል። ነገር ግን አንዱ ደመወዙን እየተቀበለ፣ ሌላው ሰውነቱን ለበሽታ እያጋለጠ ፈጸመው። ጥቅሙ የሁለቱ ሆኖ አደጋው ወደ አንዱ ካመዘነ፣ አደጋው የቀለለለት ሰው ለሌላው ባለዕዳ ነው።

ዕዳ ያለበት መሆን ነውር አይደለም። ነውሩ ዕዳን ምጽዋት ብሎ መጥራት ነው። በዚያ ወራት እህልና ሳሙና የሰጡ፣ የተከራዮቻቸውን ኪራይ የማሩ ብዙ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ምጽዋት ሰጪ በወደደ ጊዜ ይተዋል፤ ባለዕዳ ግን እስኪከፍል ድረስ ነጻ አይወጣም።

ዐዋጁ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። መልካም ሕግ ነው፤ ሆኖም ሕግ በቀላሉ የሚጠብቀው ስሙ በመዝገብ የተጻፈውን ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 በሰው ቤት የሚያገለግሉትን ከሥልጣኑ ውጭ ትቶአቸዋል። በሽታ ታመጣብናለች ተብላ የተሰናበተች የቤት ሠራተኛ ወዴት ትጮኻለች? በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በሊባኖስ አገር አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ደመወዛቸውን ያልተቀበሉም ነበሩባቸው። ይህን በሰማን ጊዜ ሁላችን አዘንን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በባዕድ አገር የሆነውን የሚነቅፍ ሰው፣ በገዛ ጓዳው ያለችውን ሠራተኛ በምን ውል እንዳኖራት ይጠይቅ።

ከዚህም በፊት እንዲህ ያለ ዘመን አይተናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ የሞተውን የሚቀብር ሰው እስኪጠፋ ድረስ ሕዝቡ ተጨንቆ ነበር። እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። እንዲህ አድርገን በሽታውን እናስባለን፤ በዚያ ጊዜ ሬሳ የተሸከሙትን፣ መቃብር የቈፈሩትን፣ ለታመመው ጎረቤት ውሃ ያቀበሉትን ግን አናስባቸውም። ለኮሮናም ዘመን ሠራተኞች እንዲህ እንዳይሆን ያስፈራል። የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የበሽታው አስቸኳይ ጊዜ አብቅቷል ብሎ ተናገረ፤ የእኛ ዕዳ ግን በዚያ ቀን አልተሰረዘም።

አከፋፈሉም የተሰወረ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ያለውን ዋጋ ነገ ሳይሉ በዕለቱ መስጠት ነው፤ የቤት ሠራተኛን በተጻፈ ውል ማኖር፣ በታመመችም ጊዜ ደመወዝዋን አለመቁረጥ ነው፤ መንገድ ጠራጊውንና ዘበኛውን በስሙ ጠርቶ ሰላም ማለት ነው። ሌላ ክፉ ቀን የመጣ እንደ ሆነ ቤታችን የሚያስቀምጡን እነዚሁ ሰዎች ናቸውና፣ ሒሳባችንን ከእነርሱ ጋር በደኅናው ጊዜ ልንጨርስ ይገባናል።