ሌዘሩን ያበረታው ጠጋኝ

ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንደ ቆቦ ባሉ ከተሞች ማሽኑ ከዚያ በኋላም ለጌም ቤቶች እንጀራ ሆኖ ቆይቷል፤ መለዋወጫው ከሌላ ከሞተ ማሽን ይፈታል። የራያ ቆላ ሙቀትና አቧራ ደግሞ ለዕቃ አያዝንም። አቧራው ማራገቢያውን ያፍናል፣ ሌንሱ ላይ ይጋገራል፤ ማሽኑም ሲዲ አላነብም ይላል።

ጠጋኙ መጀመሪያ ሌንሱን በጥጥና በአልኮል ያጸዳል። እምቢ ካለ፣ የሌዘሩን ኃይል የምትቆጣጠረዋን ትንሽ ነገር በካቻቢቴ ነካ ያደርጋታል። ወዲያው ያነባል! ባለቤቱ መርቆና ከፍሎ ይሄዳል። ከአቅሙ በላይ የበረታ ሌዘር ግን ቶሎ ይሞታል። ይህን የሚያውቀው ጠጋኙ ብቻ ነው።

ታዲያ ዝም ማለቱ ማታለል ነው? «ሥራልኝ አለኝ፣ ሠራሁለት» የሚል አይጠፋም። እኔ በበኩሌ አይዋጥልኝም። ባለቤቱ የገዛ የመሰለው ጥገና ነው፤ የተሸጠለት ግን ከራሱ ማሽን ዕድሜ የተቆረጠ ነው። (አንዳንድ ሐኪሞችም ይህን ቢያነቡልኝ አልጠላም።)

ንገረውና ይምረጥ። ምናልባት «ግድ የለም፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ብቻ ያድርሰኝ» ይል ይሆናል።