የሩቅ ዓይን ምስክርነት

ያላየ ሰው ሊመሰክር እንደማይችል ሁላችንም እንስማማለን። ያየ ሁሉ ግን ምስክር ነውን? በድሮው የአገራችን የዳኝነት ልማድ ከብት ሲሰረቅ ወይም ነፍስ ሲጠፋ፣ አድራጊውም ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ነዋሪ በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ አንዳንዱ አገር አፈርሳታ ይለዋል። ሕዝቡ ከተሰበሰበበት ሜዳ እንዳይለይ ተከልክሎ፣ በየተራ እየማለ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደዳል። እውነቱ እስኪወጣ እርሻውም ንግዱም ይቆማል። ልማዱ ግፍ ነበረበት፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር እኩል ያንገላታ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር አጥብቆ ያውቅ ነበር። ይኸውም ማየት ዕዳ መሆኑን ነው። ያየ ሰው ባየው ነገር ይያዛል፤ ይጠየቃል፤ ቃሉ ሐሰት ቢሆን ጎረቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ይሞግተዋል።

ይህን የማነሣው ስለ ጥንቱ ዳኝነት ለማተት አይደለም። ዛሬ ከበላያችን የማይምል፣ የማይሞገትና ከሜዳችን ያልተቀመጠ ተመልካች ስለሚዞር ነው። አሜሪካኖች በሐምሌ ወር 1964 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ላንድሳት የተባለ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ካመጠቁ ወዲህ፣ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ያችው መሬት በየ18 ቀኑ ትታይ ጀመር፤ በኋላ የተተኩት ደግሞ ዝቅ ብለው በየ16 ቀኑ ይመለሱባታል። አገራችንም በበኩሏ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የራሷን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስመጥቃ፣ መረጃዋን በእንጦጦ ጣቢያ ተቀብላለች። የላንድሳት የብዙ ዓመታት ማኅደር ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያለ ዋጋ ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ በአዳማ ከተማ በአንድ ጠባብ ክፍል የተቀመጠ ሰው፣ ትዕግሥት ካለው፣ ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ የመንደሩን መልክ በየዓመቱ እየገለጠ ለማየት ይችላል።

እኔም ያየሁት በዚሁ ዓይነት ነው። በከተማችን መልክዓ ምድር የሚያስተምር አንድ ወጣት ወዳጄ፣ የበሰቃን ሐይቅ ለውጥ ለተማሪዎቹ ሲያዘጋጅ ጠራኝ። አንባቢ ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ከሆነ፣ ወለንጪትን አልፎ መተሐራ ከመድረሱ በፊት፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል የተንጣለለውን ውሃ ያውቀዋል። አውራ ጎዳናውም የባቡሩ ሐዲድም ውሃውን ሽሽት ከፍ እንዲደረግ ግድ ሆኗል። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ኩሬ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ስለ ምክንያቱ ሊቃውንቱ አንድ ቃል አይደሉም። ከመስኖ እርሻዎች የሚተርፈው ውሃ መሬት ለመሬት ሰርጎ ነው የሚሉ አሉ፤ ከታች የሚፈልቀው ሙቅ ውሃና የስምጥ ሸለቆው የመሬት መንቀሳቀስ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁሉም ድርሻ አላቸው የሚሉት ይበዛሉ። ውሃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ ሰውም እርሻም አይጠቀምበትም። ሌሎች ሐይቆች ሲደርቁ ይለቀሳል፤ ይኸኛው በመሙላቱ የሚያስለቅስ ነው።

ልጅነቴ በዚያ ነበር። በቤተሰባችን ውስጥ ከመተሐራ ስለ ወጣንበት ምክንያት የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃው አባረረን» የሚል። እናቴ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለንስሐ አባቷም ሳይቀር የምትለው ይህንኑ ነው። እኔም ከዚህ ቃል አንድ ትያትር ጽፌበታለሁ። በመጨረሻው ትዕይንት ቤተሰቡ ንብረቱን በጋሪ ጭኖ ሲወጣ ውሃው ከደጃፉ ይደርሳል፤ የውሃው ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማል። ያለቀሰ ተመልካች እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ በዚያም ኮርቻለሁ።

ወዳጄ የ1979 ዓ.ም. በጋ ሥዕል ሲገልጥ፣ እኛ የወጣንበት ዓመት ነውና ግቢያችን የነበረበትን ስፍራ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ከአሮጌው ሐዲድ መታጠፊያ ተነሥተን ለካነው። ውሃው ከግቢያችን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፊት ገለጥናቸው። ጥቁሩ ቀለም ከዚያች ነጥብ ላይ የደረሰው በ1985 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት! ወዳጄ ነገሩ ስላልገባው «ቆንጆ ማስረጃ ነው» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን አባቴ በዚያ ዓመት ከሥራው መውጣቱን፣ ማታ ማታ የሚመጡ ሰዎች በዝግ ድምፅ ሲነጋገሩ መስማቴን፣ አባቴም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን ማጋመሱን አስታወስሁ። ለካ ውሃው አላባረረንም ኖሯል አልሁ በልቤ።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። ማንም ያልጠራው ምስክር፣ ስለ እኛ ምንም ሳያውቅ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተከድኖ የኖረውን የቤታችንን ነገር ከፈተው። ሐሰት ተናግሯል ልለው አልችልም። መብት ነበረው ወይ ብዬ ግን እጠይቃለሁ።

በሰፊው ዓለም ባለጠጎች ከሰው ዓይን ለመራቅ በባሕር መካከል ደሴት ይገዛሉ፤ የሚያስቆፍሩት ወደብና የሚያሠሩት ቤት ግን ከላይ ይታያል፤ ሰማይ አጥር የለውምና። በእኛ ዘንድ ደሴትን መሸሸጊያ ያደረጉት ባለጠጎች አልነበሩም። የዝዋይ ሐይቅ፣ ደንበልም ይባላል፣ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው አማካይ ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር አያልፍም። በላዩ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮን የምንለው። የዛይ ሕዝብ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ቋንቋውንና የብራና መጻሕፍቱን ይዞ ኖሯል። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚያ 70 ዓመት ተቀመጠች ይላል ትውፊቱ። ታሪክ ጸሐፊ በትውፊቱ ላይ የሚለው ይኖረዋል፤ ለእኔ የሚገርመኝ ግን የደሴቱ ትርጉም ራሱ አለመታየት መሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለ፤ ዓይን ሁሉ የሚገባበት ወሰን ተለክቶ መጋረጃ ተጋርዷል። ሳተላይቱ ቆርቆሮውን ያያል፤ ከቆርቆሮው በታች ያለውን ልዩነት አያውቅም። ከዚያ ከፍታ መቅደሱና የከብት በረቱ ሁለት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ናቸው።

ግን ያው ዓይን ለዛይ ሰው ይጠቅመዋል፤ ይህን ካልተናገርሁ ሚዛኔ የተንጋደደ ይሆናል። ዝዋይን የሚመግቡት የመቂና የቀጣር ወንዞች በመስኖ ሲቀነሱ፣ የሐይቁ ዳር ሲሸሽ፣ እንቦጩ ሲስፋፋ፣ አንድ የደሴት ዓሣ አጥማጅ በቃሉ ብቻ ቢያመለክት ማን ይሰማዋል? ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመገበው አቢጃታ ከ1960ዎቹ ወዲህ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ መሸሹን በሥዕል አይቶ የሚክድ የለም። ከላይ የሚጠለፈው የመስኖ ውሃና ከሐይቁ የሚመረተው ሶዳ አሽ ሁለቱም ስማቸው ይነሣል።

ነገር ግን በዚህም ሥዕል ውስጥ አድልዎ አለ። በአቢጃታና በሻላ ዙሪያ ግራር ቆርጣ ከሰል የምታከስል ሴት፣ የቆረጠችበት ስፍራ እንደ ቁስል ተገልጦ ይታያል፤ ይለካል፤ በሠንጠረዥ ይገባል። በዝዋይ ዳር ያሉት የአበባ እርሻዎች ደግሞ የሚታየው ነጭ የላስቲክ ጣሪያቸው ብቻ ነው። በውስጡ የሚረጨው መድኃኒት፣ የሚቀዳው ውሃ፣ የሚከፈለው ደመወዝ ከጣሪያው በታች ነው። የድሀ ሥራ ጣሪያ የለውም። ከሰማይ የሚመለከት ዓይን ሁሉን እኩል ያያል ሲባል ስሰማ የምጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 24 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ እኛ ከመተሐራ በወጣንበት በዚያው ዓመት፣ ምድርን ከሕዋ ስለ መመልከት 15 መርሖዎችን አጽድቋል። ተመልካቹ አገር የታየውን አገር ፈቃድ እንዲጠይቅ አያስገድዱም፤ የታየው አገር ግን ስለ ግዛቱ የተሰበሰበውን መረጃ ያለ አድልዎና በተመጣጣኝ ዋጋ የማግኘት መብት አለው። በተፈጥሮ አደጋ ጊዜም ጠቃሚ መረጃ የያዘ ሁሉ ለተጎዳው አገር ሳይዘገይ እንዲያስተላልፍ ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ቃል ከአውጫጭኙ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል፤ ያየ ይናገር ነውና። ሁሉም ግን የሚናገረው ስለ አገሮች ነው። መንደርን፣ ግቢን፣ ቤተሰብን አያውቅም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ እዚህ አዳማ ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ፣ የራዳር ሳተላይቶች የመሬቱን መሰንጠቅና ከሥር የቀለጠ ዓለት ሰርጎ መግባቱን ለክተዋል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀበሌዎች ወጥተዋል። በዚያን ጊዜ ያ ዓይን ፈቃዳችንን አልጠየቀንም ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ቢገኝ እኔ ራሴ እዘልፈው ነበር።

ስለዚህ የእኔ ሙግት ከማየቱ ጋር አይደለም። በታየውና በተረዳው መካከል ስላለው ክፍተት ነው። በትያትር ሥራ የምናውቀው ነገር አለ። መጋረጃ ይዘጋል፤ ሲከፈት የመድረኩ ዕቃ ተለውጧል፤ ወንበሩ የለም፣ መስኮቱ ተሰብሯል። ተመልካቹ ለውጡን አየ። ድርጊቱ ግን የተፈጸመው መጋረጃው ተዘግቶ ሳለ ነው። የሳተላይቱ ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው፤ «እዚህ መሬት ነበረ»፣ «እዚህ ውሃ ሆነ» ይላሉ። ግሡ የለም። የከረዩ እረኛ የግጦሽ መሬቱ አንድ ጊዜ በሸንኮራ እርሻ፣ አንድ ጊዜ በፓርክ፣ አንድ ጊዜ በጨው ውሃ መወሰዱን ከማናቸውም መሣሪያ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ግሡም እርሱ ዘንድ ነበረ። ማን ወስዶ ጻፈለት?

እኔም በእናቴ ላይ የፈጸምሁት ይህንኑ ነው። ግሡን ሳልጠይቅ ፈረድሁ። ለብዙ ሳምንታት «ውሃው አባረረን» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ፊቷን መመልከት አቃተኝ። የላንድሳቱ እያንዳንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር መሆኑን፣ የእኛ ግቢ ከሦስት ጎረቤቶች ግቢ ጋር ተደምሮ አንድ ቀለም ብቻ ሆኖ እንደተሣለ ወዳጄ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ይህ ከፍርዴ አላገደኝም።

በመጨረሻ የታተመውን ሥዕል ይዤ ሄድሁ። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እማዬ፣ በወጣንበት ዓመት ውሃው እዚህ ነበር፤ ግቢያችን እዚህ ነው» አልኋት፤ በጣቴ እያመለከትሁ።

«ከላይማ አልመጣም» አለችኝ። «ከታች ነው የመጣው። ጓሮዬ ጨው አወጣ። ጎመኑ ነጭ አቧራ ለብሶ ነው ያደረው፤ ሎሚው በቁሙ ደረቀ፤ የጉድጓዱን ውሃ ያጠጣሁህ ቀን አስመለሰህ። ግድግዳው ከሥሩ ረጥቦ ይላላጥ ጀመር። አንተ ውሃ የምትለው የሚታየውን ነው።»

በኋላ ወዳጄን ስጠይቀው፣ የከርሰ ምድር ውሃ ሲነሣ ጨዉ ከሐይቁ ዳር ቀድሞ ሊራመድ እንደሚችል፣ ይህም በአካባቢው እርሻዎች የታወቀ ችግር እንደሆነ ነገረኝ። በወቅቱ ግን ይህን አላወቅሁም ነበርና ዝም አልሁ። ሥዕሉን አጥፋ መልሳ ሰጠችኝ።

«የአባትህ ነገርስ?» ብላ ራሷ ጀመረችና ቆመች። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞራ ቡናውን አወረደች። «እሱን አትጠይቀኝ» አለች።

አልጠየቅኋትም።