ስለ ታናናሽ ፍጥረታት ማደሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነቢዩ ኢሳይያስ በአምስተኛው ምዕራፍ፥ ለሌላው ስፍራ እስኪታጣ ድረስ ቤትን ከቤት፥ እርሻንም ከእርሻ የሚያጋጥሙትን ሰዎች ይገሥጻል። ተግሣጹ በመጀመሪያ የተነገረው ድኻውን ከርስቱ ስለሚነቅሉት ባለጸጎች ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር በምድር ላይ ማደሪያ የሰጠው ለሰው ብቻ አይደለምና፥ ቤት ከቤት ሲጋጠም ስፍራ የሚያጡትን ንብንና ቢራቢሮን፥ ጢንዚዛንና ሸረሪትን ደግሞ እናስብ ዘንድ ይገባናል።

ምእመናን ሆይ፥ ከተማ ሲሰፋ ዱሩና መስኩ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ አስቀድሞ ይቆራረጣል። በዚህ ጥቂት ዛፍ፥ በዚያ ጥቂት ሣር ይቀርና በመካከሉ አስፋልትና ግንብ ይገባል። ለሰው አሥር እርምጃ የሆነው መንገድ መብረር ለማትችል ጢንዚዛ እንደ ባሕር ነው። የማር ንብ ቀሰም ፍለጋ ብዙ ኪሎ ሜትር ትበራለች፤ ብቻቸውን ከሚኖሩት የንብ ወገኖች ታናናሾቹ ግን ከጎጇቸው ከጥቂት መቶ ሜትር ብዙ አይርቁም። ከእነዚህም የሚበዙት ጎጇቸውን በአፈር ውስጥ ስለሚቆፍሩ፥ መሬቱ ሲሚንቶ ሲለብስ ደጃቸው ይዘጋል። አንዳንዱ ሸረሪት በሐር ክሩ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይሻገራል፤ መሻገር የማይችለው ፍጥረት ግን በቀረችው ቁራሽ መሬት ተከቦ ዘሩ እየመነመነ ይሄዳል። በሰው ቆሻሻ የሚኖሩት ዝንብና በረሮ ግን አይቸገሩም።

ይህ ጉዳት የእኛም ጉዳት ነው። የባቄላው አበባ በንብ ሲጎበኝ ፍሬው ይበዛል፤ አባቶቻችን በመቅደስ ያበሩት ጧፍም ከንብ ሰም የተገኘ ነው።

የመንዝ አባቶች ይህን በሥራ አስተምረውናል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የጓሳን ምድር ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፥ በጊዜውም እየከፈቱ ሣሩን ይካፈሉ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ በማኅበር መጠበቁን አልተወም። ስለዚህ ምድሩ ሳይቆራረጥ ኖሯል። በደቡብ ጎንደርም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረዋል፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋርም ሆነው ካህናቱና ምእመናኑ በደናቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ ረድተዋል። ከብት ከማይገባበት ስፍራ ችግኝ ይበቅላልና።

እንግዲህ በመሐል ሜዳ፥ በዓለም ከተማ፥ በራቤልም የምትኖሩ ሁሉ የደብራችሁን ቅጥር ግቢ ተመልከቱ። ቤቱ በበዛበት ከተማ መካከል ያ ግቢ ለብዙ ፍጥረት የመጨረሻው መጠጊያ፥ ወይም ከአንዱ ቁራሽ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል። የሰበካ ጉባኤው የገንዘብ ችግር እንዳለበት እናውቃለን፤ የሚከራይ ሱቅም ገቢ ያስገኛል። ነገር ግን ሱቅ በሌላ ስፍራ ይሠራል፤ ተቆርጦ የወደቀ ያረጀ ጽድ ግን በአንድ ትውልድ አይተካም። ምእመናን የሚቆሙበት ቢነጠፍ መልካም ነው፤ የቀረው ግን አፈርና ሣር ሆኖ ይኑር። በአጥሩም ሥር ወይራና ኮሶ ይተከል፤ የአንዱ ደብር ጥላ ከሌላው ጋር እንዲቀራረብም በመንገዱ ዳር የአገር ዛፍ ይጨመር።

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ጥበብ ይማር ዘንድ ወደ ገብረ ጉንዳን ልኮታል። ገብረ ጉንዳን ማደሪያ ካጣ ልጆቻችን ወደ ማን ይላካሉ? አዳምን ገነትን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ያኖረው አምላክ፥ የተሰጠንን ምድር የምንጠብቅበት ልቡና ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።