አባባ የተወው ዘፈን

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በከፈተችው ኮሌጅ ሙዚቃ ትማራለች። ይቺን ነገር ዲላ ላይ ጮክ ብሎ መናገር በራሱ ጣጣ አለው። “ቡና ተሸጦ ለሙዚቃ?” ይላል አንዱ። “ለጌታ መዘመር ደግሞ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል እንዴ? ጸጋ ነው እንጂ!” ይላል ሌላው። ነርስነት ወይም የሂሳብ አያያዝ ብትማር ኖሮ ጠያቂም አይኖራት።

የመጀመሪያውን ሰውዬ እረዳዋለሁ። የይርጋጨፌ ቡና ስሙ ባሕር ማዶ ቢናኝም፣ ገበሬው ጀንፈሉን ሸጦ ልጅ የሚያስተምረው ልጁ ነገ ደመወዝተኛ እንዲሆንለት ነው። ሁለተኛው ግን ታሪክ የረሳ ይመስለኛል። በእኛ አገር መንፈሳዊ ትምህርትና ኪነ ጥበብ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? የቆሎ ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት ሲሻገር “ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ሙዚቃ አጠናሁ” አይበል እንጂ ያጠናው እሱኑ ነው። ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ለይቶ እስኪያዜም ስንት ዓመት ደጅ ይጠናል! ወንጌላውያኑም ዘንድ ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዳለው ስነግረው ያ ሰውዬ “ጃዝ?!” ብሎ የያዘውን ሻይ ሊደፋው ነበር።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ግን ይሄን አይደለም።

ልጅቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች መምህሯ አንድ ሥራ ሰጣት። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚዘፈን አንድ የቆየ ዜማ ቀድታችሁ፣ ግጥሙን ከነትርጉሙ ጽፋችሁ አምጡ የሚል ነው። ቀላል መሰላት። 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ወረደች። አያቷ፣ ማለትም የእኔ አባት፣ በጎረምሳነቱ ለደቦም ለለቅሶም የሚጠራ አቀንቃኝ ነበር ይባላል። “ይባላል” የምለው እኔ ሰምቼው ስለማላውቅ ነው። በ1950ዎቹ ወንጌል አምኖ ሲጠመቅ መጠጡን ተወ፤ ዘፈኑንም አብሮ ተወው። እኔ ከዚያ በኋላ የተወለድኩት ልጁ ከመዝሙር በቀር ሌላ ነገር ከአፉ ሲወጣ አልሰማሁም።

“አባባ፣ አንዴ ብቻ” አለችው።

“ልጄ፣ ያ ዘፈን ለማን እንደሚዘፈን አንቺ አታውቂም። እኔ አውቃለሁ።”

አለቀ። አባቴ ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጓሮ እንሰቱ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲኮተኩት፣ ሰው የሌለ መስሎት ማንጎራጎር ጀመረ። መዝሙር አይደለም። ልጅቱ በመስኮት ስልኳን ዘርግታ ቀዳችው። ሁለት ደቂቃ ከምናምን። ማታውን ደወለችልኝ፦ “ጋሼ፣ ላስረክበው ወይስ ይቅር?”

እኔም ሳላቅማማ “አስረክቢ!” አልኳት። ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቱቱ ፌላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮችን ተመራማሪ እየመጣ ይለካቸዋል፣ ይቆጥራቸዋል። ድንጋይ ይጠብቃል፤ ዘፈን ግን ከዘፋኙ ጋር ነው የሚቀበረው። ደግሞስ ጊታሩንና ኪቦርዱን ከየት መጣህ ሳንል መድረክ ላይ አውጥተን፣ የአያቶቻችንን ዜማ ብቻ ደጅ ማስቀረት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

አስቴር ጋኖንም ጠቀስኩላት። ከባርነት ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረችው ይህች ኦሮሞ ወጣት 500 ያህል ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ አባባሎች ሰብስባ ጽፋለች። ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገብቷል። ከዚያው ሥራ ጎን ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ደክማለች። ዘፈኑን መጻፏ ከእምነቷ አላወጣትም።

ስልኩን ዘግቼ ጋደም ስል ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አስቴር የጻፈችው እኮ ራሷ በልቧ ይዛው የመጣችውን ነው። ከማንም መስኮት ሥር አልሰረቀችም።

አባቴ ደግሞ ተታልሎ ዘፈኑን የጣለ ምስኪን አድርጌ ልቆጥረው እንዴት እችላለሁ? ሲጠመቅ መሬቱ የራሱ አልነበረም፤ ገባር ነው። የሚያርሰውን፣ የሚከፍለውን፣ ለማን እንደሚሰግድ ሌላ ሰው ነበር የሚወስንለት። በገዛ ፈቃዱ “ይሄን ተውኩ” ያለው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ዋጋም ከፍሎበታል፤ በደቦው፣ በለቅሶው፣ ወንድሞቹ በተሰበሰቡበት ሁሉ አፉን ዘግቶ ቆሟል። እኔ የተማርኩት ልጁ “ባህል ጠፋ” እያልኩ አዲስ አበባ ላይ አዝናለሁ። አንድ ስንኝ አልቻልኩም፣ ልማርም ብዬ አላውቅም። ታዲያ የእኔ ጸጸት በሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ መሐላ ይካስልኝ?

ይህን ሁሉ ብዬም ጥያቄው አይለቀኝም። ዘፈኑ የእሱ ብቻ ነው ወይ? እሱም ከእናቱና ከአጎቶቹ ነው የተቀበለው። ተሸካሚ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም የሚለኝ ሐሳብ አሁንም አለ። ተሸካሚ የተሸከመውን መሬት ላይ የማስቀመጥ መብት የለውም ግን የሚል ሰው ካለ፣ መጥቶ አባቴ ፊት ይበለው። እኔ አልችልም። ኮሌጁ ልጅቱን ኖታ መጻፍ አስተምሯታል፤ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እምቢ ሲል እንዴት እንደሚሰማ ግን የማን ክፍለ ጊዜ ላይ ይሰጥ ይሆን?

ጎሕ ሲቀድ ደወልኩ። “ንገሪው” አልኳት።

“ይቆጣል።”

“ይቆጣ። ንገሪው።”

አልተቆጣም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ “እስቲ አሰሚኝ” አላት። ሰማው። “ድገሚው” አላት። ደገመችው። ከዚያ አንዲት ቦታ ላይ አስቆማትና “እዚህ ጋ ቃሏን ስቻለሁ” ብሎ ትክክለኛዋን ነገራት።

ቀጥሎም “አሁን አጥፊው” አላት። እዚያው ፊቱ አጠፋችው።

ኮሌጅ ስትመለስ ለመምህሯ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ሌላ ሥራ ሰጣት። እኔ ግን ያቺ ያረማት ቃል ከንክናኝ ኖሮ ምን እንደነበረች ጠየቅኳት።

“እንጃ ጋሼ” አለችኝ። “የድሮ ጌዴኡፋ ናት መሰለኝ፤ አልገባችኝም። ምን ማለት ነው ብዬ ልጠይቀው ስል ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ።”