ዲድስቅልያ፦ ጆሮ ላይ የማይቀር ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ «ዲድስቅልያ» ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ትምህርት» ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ይህንኑ ቃል ተጠቅሟል (1ኛ ጢሞ. 4፥16)። ልብ በሉ! ሐዋርያው ትምህርቱን ብቻ ጠብቅ አላለውም፤ አስቀድሞ ራሱን፣ ቀጥሎ ትምህርቱን እንዲጠብቅ አዘዘው። ለምን? እርሱም ሰሚዎቹም የሚድኑት እንዲህ ሲሆን ነዋ!

እኛስ? በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት ትተን ሐሜትን ካልተውን፣ ትምህርቱ ጆሯችን ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ጎረቤት የሚያነበው መጽሐፉን ሳይሆን እኛን ነው።

ደግሞስ እዚህ ቢታ ገነት በአማርኛ የሰማነውን ስብከት፣ ቤት ስንገባ በካፊኖኖ ለማን ነገርን? አማርኛ የማይሰሙ እናቶችና አባቶች ቤት አሉ። ቡና ሲፈላ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ይወራል፤ የእግዚአብሔር ቃልስ? የግሪኩ ቃል እኛ ዘንድ ከደረሰ፣ ከእኛ አፍ ወደ እናታችን ጆሮ መድረስ ያቅተዋል? ዛሬ ማታ ከሰማችሁት አንዱን ለቤተሰብ ንገሩ፤ ነገ ደግሞ ኑሩት።

የሰማነውን በልቡናችን ያሳድርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።