ባትሪው ምን በደለ?

አሮጌ ሞተር ሳይክል በማለዳ አልነሳ ሲል የመጀመሪያው ተከሳሽ ባትሪው ነው። መብራቱ ደብዝዟል፤ ክላክሱ ድምፁ ሰልሏል፤ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ባለቤቱ እየገፋ ወደ ወርሻ ይወስደዋል። ባለሙያው ቀና ብሎ ያይና «ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር» ይላል። አዲሱ ይገባል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ግን ያው ሞተር በዚያው በር ላይ ተመልሶ ይቆማል። ሞተሩ የዕለት እንጀራው ለሆነ ሰው ደግሞ ያለ ጥፋቱ የተቀየረ ባትሪ ከልጆቹ ማዕድ የተቀነሰ ገንዘብ ነው።

ባትሪ ኤሌክትሪክ አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ያስቀምጣል እንጂ። ሞተሩ ሲዞር በዲናሞው ውስጥ ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ተገናኝተው ተለዋዋጭ ጅረት ያመነጫሉ፤ ሬክቲፋየሩ ጅረቱን አንድ አቅጣጫ ያስይዘዋል፤ ሬጉሌተሩ ከልክ እንዳያልፍ ይገድበዋል። ወደ ባትሪው የሚደርሰው ይህን ሁሉ አልፎ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ጉድለቱ የሚታየው በመጨረሻው ተቀባይ ላይ ነው። እንግዲህ የባትሪው መድከም ብዙ ጊዜ የሌላውን በደል የሚናገር ምስክር ነው። ምስክሩን ይዞ ጥፋተኛውን መልቀቅ፣ አበው እንደሚሉት፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» መሆኑ ነው።

እውነቱን ማግኘት ግን የሚያዳግት አይደለም። በ12 ቮልት የሚሠራ ሞተር ሙሉ ባትሪ ካለው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ቁጥሩ ወደ 14 ቮልት አካባቢ መውጣት አለበት። ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ባትሪው የሚገባውን እያገኘ አይደለም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ልኩን ስቷል፣ አሲዱም እየፈላ ነው። ቀጥሎ የዛገና የላላ የማሳ ሽቦ ይፈተሻል። ከዚያም የዲናሞው ሶኬት ይነቀላል፤ ሦስት ሽቦ ያለው ከሆነ በየጥንዱ መካከል የሚለካው ቮልት እኩል መሆን ይኖርበታል፤ አንዳቸውም ከሞተሩ አካል ጋር መነካካት የለባቸውም። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ቴስተርና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ጥቅሉ ተቃጥሎ ከተገኘም መዳቡ እንደገና ሊጠቀለል ይችላል።

ታዲያ ሳይለካ «ባትሪው ሞቷል» ያለው ባለሙያ ዋሽቷልን? እውነቱን እያወቀ ባትሪ ለመሸጥ ሲል የተናገረ ከሆነ ጉዳዩ ክርክር አያሻውም፤ ስርቆት ነው። አስቸጋሪው ከልቡ አምኖ የተናገረው ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በካርቱም አየር ባትሪ ዕድሜው በእርግጥ ያጥራል። ስለዚህ ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ሊሆንለት ይችላል፤ ልክ በሆነለት ቁጥርም መለካትን እየተወ ይሄዳል።

እንግሊዛዊው ዊልያም ክሊፎርድ በ1877 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «የእምነት ሥነ ምግባር» በተሰኘ ድርሰቱ ስለ አንድ ባለመርከብ ያወሳል። ሰውዬው ስደተኞችን የምታሳፍረው መርከቡ ማርጀቷን ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ጥርጣሬውን አፍኖ ደህና እንደሆነች ራሱን ያሳምናል። መርከቧ ሰጠመች። ክሊፎርድ ሰውዬው ከልቡ ማመኑን አይክድም፤ ነገር ግን ሳይመረምር ለማመን መብት አልነበረውም ይላል። መርከቧ በሰላም ብትደርስ እንኳ ጥፋቱ ያው ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ግምቱ የተሳካለት ባለሙያም ዕድል አዳነው እንጂ ታማኝነቱ አላዳነውም።

ለታማኝነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት መልካም ስም ደንበኛ ያመጣል የሚል ነው። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት በ1785 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህንኑ ጠይቋል፦ ለልጁም ለአዋቂውም በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን የሚያደርገው ለግዴታው ብሎ ነው ወይስ ለጥቅሙ? በጸጥታ ዘመን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ሐጅ ዩሱፍ ግን ጥያቄውን ገልጦ ያሳያል። ከጥቁር ዓባይ በስተ ምሥራቅ ያለው ይህ ሰፈር በተለይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች እየሰፈሩበት ያደገ ነው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ከካርቱም ነዋሪዎች ብዙዎቹን በተነ። የዛሬው ደንበኛ ነገ በሌላ አገር ሊያድር በሚችልበት ቦታ ስም የሚያመጣው ትርፍ አስተማማኝ አይደለም። በዚያ ሰዓት መለኪያውን የሚያነሳ እጅ የሚያነሳው ለእውነቱ ብሎ ብቻ ነው።

ይሁንና ፍርዱ በባለሙያው ላይ ብቻ ቢወድቅ ሚዛኑ ይጎድላል። ደንበኛው ለሚታየው ዕቃ ይከፍላል፤ ለማይታየው ምርመራ ግን መክፈል ይከብደዋል። አንድ ሰዓት ፈትሾ የላላ ሽቦ ያጠበቀ ባለሙያ «ምን ሠራህና?» ይባላል፤ በደቂቃ ባትሪ የቀየረው ግን ሂሳቡን ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል። ዕውቀትን በነፃ፣ ብረትን በገንዘብ የሚገዛ ገበያ ባለሙያውን ወደ ብረቱ ይገፋዋል። ግፊቱ ጥፋቱን ያስረዳል፤ ከጥፋቱ ግን ነፃ አያወጣውም።

ሞተሩን አስረክቦ የሚቆም ሰው የሚሰጠው ማየት የማይችለውን ነገር የማየት ሥልጣን ነው። በአማርኛ ይህ አደራ ይባላል፤ በሱዳን ጎዳና አማና ነው። አደራውን ለመጠበቅ ባለሙያው ሁሉን አዋቂ መሆን አይጠበቅበትም። ቁጥሩን ለባለቤቱ ማሳየት፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ መመለስ፣ የፍተሻውን ዋጋ አስቀድሞ መናገር፣ ያልለካውንም «ገና አልለካሁም» ማለት ይበቃዋል። ይህች አጭር ቃል ለጊዜው ገበያ ልታሳጣ ትችላለች፤ ነገር ግን ድሃውን ከሁለተኛ ባትሪ፣ ተናጋሪውንም ከሐሰት ታድናለች።